ከመወለድ በፊት የተጠባ ወተት

«እናትየው መቼ ነው የምታጠባቸው?»

ይህን የጠየቀችኝ እማዬ ናት። ቤዝመንት ወርዳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ገንዳውን በመስታወቱ በኩል ታያለች። ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ የመጣችው ባለቤቴን ልታርስ ነው። ላይ ቤት ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሕፃኑ ለቅሶ። ታች ቤት ደግሞ የእኔ ጉድ፦ አዲስ የተወለዱ ሦስት የስቲንግሬይ ጫጩቶች። ስቲንግሬይ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ሁለቱ ወሊዶች እንዲህ የተገጣጠሙት በማንም ዕቅድ አይደለም። ባለቤቴ ግን እስካሁን አታምነኝም።

«አታጠባም እማዬ። ሆዷ ውስጥ እያሉ አጥብታ ጨርሳለች» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። «ታዲያ አሁን ማን ያበላቸዋል?»

«እኔ ነኛ።»

መልሱ ልክ ነው። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የማበላቸው ማንን ተክቼ ነው? እናታቸውን እንዳልል፣ እናታቸው ከወለደቻቸው በኋላ ባሕር ውስጥም ብትሆን አንድ ጉርሻ አትሰጣቸውም። ታዲያ እዚህ ቤት የጎደለው ማን ነው?

እኔ ዘንድ ያሉት ቢጫ ስቲንግሬይ የሚባለው ዓይነት ናቸው። ከኖርዝ ካሮላይና ጀምሮ በፍሎሪዳና በካሪቢያን በኩል እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ድረስ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር አሸዋ ላይ ይኖራሉ። ክብና ጠፍጣፋ ናቸው። ሲያድጉ የገላቸው ስፋት ቢበዛ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዘመዶቻቸው መካከል ትንንሽ ከሚባሉት ስለሆኑ ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል ይባላል። «ይቻላል» ሲባል ታዲያ ቀላል አይምሰላችሁ። የእኔ ገንዳ 2.4 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ስፋት አለው። ከ1,700 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ያንን ውሃ የባሕር ውሃ ለማድረግ ገና ሲጀመር 60 ኪሎ ያህል ጨው በላ። ክብደቱን የሚችለው የቤዝመንቱ ኮንክሪት ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ መጥቶ ሲያየው «የባሕር በር ጥያቄያችን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ተመለሰ በለኛ!» አለኝ። የመብራቱን ሂሳብ እኔ ስለምከፍል ነው የሚቀልደው።

ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሾሁን ነው። «ያንን አውስትራሊያዊ የገደለው አይደለም?» ይሉኛል። በቴሌቪዥን የእንስሳት ፕሮግራሙ የታወቀውን ስቲቭ ኧርዊንን በ2006 የገደለው ከእኔዎቹ ጋር የማይወዳደር ግዙፍ ዓይነት ነው። የእኔዎቹም ቢሆኑ ጅራታቸው ላይ ያለው እሾህ መርዝ አለው። የተወጋ ሰው ቁስሉን ቆዳው በሚችለው ልክ በሞቀ ውሃ ይነክራል፤ ሙቀቱ መርዙን ያከሽፈዋል፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ይሄዳል። የት እንደተኙ ሳላይ እጄን ገንዳው ውስጥ አልከትም። ስለ እሾሁ ይኼ ይበቃል።

የእናትየው ሥራ

ወንዱን ከሴቷ መለየት ቀላል ነው። ወንዱ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ብልቶች አሉት። ግንኙነታቸው ግን ለማየት ደስ አይልም። የሴቷን የገላ ጠርዝ ነክሶ ይይዛታል። በማግሥቱ ጠርዟ ላይ የጥርሱን ምልክት ታያላችሁ። ውሃው ንጹህ ከሆነ ቁስሉ በራሱ ይድናል። ችግሩ ገንዳ ውስጥ ሴቷ የምትሸሽበት አገር የላትም፤ ወንዱ ደግሞ አይታክተውም። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ወንዱን በመከለያ ለየሁት።

እርግዝናው አምስት፣ ስድስት ወር ይፈጃል። መጀመሪያ የሚታወቀው በምግብ ነው። በፊት የምትተወውን ቁራጭ ተመልሳ ትለቅማለች። ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ፣ ከጅራቷ በላይ ግራና ቀኝ እብጠት ይወጣል። ወደ መጨረሻው ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ሲገላበጥ ይታያል። እኔ ግን እሱን እስካይ ድረስ ደስታዬን አምቄ ነበር የያዝኩት።

ምክንያቴ ሻርሎት ናት። በ2024 መጀመሪያ ዜናው ሁሉ የእሷ ነበር። ኖርዝ ካሮላይና፣ ሄንደርሰንቪል በምትባል ከተማ በነበረች አኳሪየም ውስጥ ትኖር የነበረች ስቲንግሬይ ናት። ወንድ ስቲንግሬይ በሌለበት ገንዳ አረገዘች ተባለ። ያለ ወንድ መውለድ በአንዳንድ ሻርኮችና ሬዮች (ስቲንግሬይን ጨምሮ ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመዶች) ላይ በእርግጥ ታይቷል፤ ስለዚህ ወሬው ባዶ አልነበረም። አብሯት የሚኖር ሻርክ ነው ያስረገዛት የሚልም ተነስቶ ነበር፤ ይኼኛው እንኳ ተረት ነው። ሰው ወር ሲቆጥር ከረመ። በኋላ የመራቢያ አካል ሕመም እንዳለባት ተነገረ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ሞተች። ከእሷ ወዲህ ያበጠች ስቲንግሬይ ባየሁ ቁጥር እልል ለማለት አልቸኩልም።

ወደ ወተቱ ልመለስ። ፅንሱ መጀመሪያ የሚመገበው አስኳል ነው። አስኳሉ ሲያልቅ ማሕፀኗ ተራውን ይረከባል። በማሕፀኑ ግድግዳ ላይ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ስብና ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ ያመነጫሉ። ሳይንቲስቶቹም የማሕፀን ወተት ነው የሚሉት። ፅንሶቹ በዚያ ወተት ውስጥ ተኝተው፣ ወተቱን እየተመገቡ ይሞላሉ። እናትየው ያላትን ሁሉ የምትሰጠው ያኔ ነው። ማንም ሳያያት፣ ልጆቿንም ራሷ ሳታያቸው።

ሲወለዱ ጅራታቸው ይቀድማል። ክቡ ገላቸው ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። እሾሁም እናትየውን እንዳይወጋ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ይመጣል፤ ሽፋኑ ወዲያው ይወልቃል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት ትንሽ አሰበችና «እንደ ጥቅልል እንጀራ በለኛ» አለች። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እኔ አላገኘሁም። ጥቅልሉ ይፈታል፤ ጫጩቷ ወለሉ ላይ ታርፋለች፤ ትንሽ አሸዋ በላይዋ ላይ ትበትናለች። በቃ፣ ሕይወት ተጀመረ። ከጅራታቸው ጋር 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ነጠብጣባቸው፣ ዓይናቸው፣ እሾሃቸው፣ ሁሉም የትልቅ ሰው ነው።

እናትየውስ? ከአንዷ ልጇ ጎን ተኝታ ነበር። ስትነሳ በላይዋ ላይ አልፋ ሄደች። ጫጩቷ ድንጋይም ብትሆን በዚያው መንገድ ታልፍ ነበር። እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። «ምን ዓይነት አንጀት ነው!» አለች። ጫጩቶቹን ወደ ሌላ ዝቅ ያለ ገንዳ አዛወርኳቸው። ውሃው ከትልቁ ገንዳ ጋር የተያያዘ ነው። ትልቅ ባለበት ትንሽ አይበላም፤ አንድ ቁራጭ ከመውደቋ ትልቋ ትጠርገዋለች።

አልበላም ያለችው

ሁለቱ ብዙም አላስቸገሩ። ሦስተኛዋ ግን አፏን ዘጋች።

መጀመሪያ ላይ አለመብላት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ከእናታቸው ሆድ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ስንቁ እስኪያልቅ ምግብ ቢቀርብላቸውም ዘወር ብለው አያዩም። ስለዚህ መጠበቅ ነው። ከዚያ ወንድምና እህቷ መብላት ጀመሩ። እሷ ግን እዚያው አሸዋዋ ውስጥ። ቀን ቀንን ሲተካ ዓይኔን ከጅራቷ ሥር አላነሳ አልኩ። ስቲንግሬይ ሲከሳ መጀመሪያ የሚያሳብቀው እሱ ነው፤ ጅራትና ገላ በሚገናኙበት ቦታ ግራና ቀኙ ይጎደጉዳል፣ ልም አጥንቱ ይወጣል። ትንሿ ጎድጉዳ ባትጨርስም ጀምራ ነበር።

ያለኝን ሁሉ አቀረብኩላት። በረዶው የለቀቀ ሽሪምፕ በደቃቁ የተከተፈ። ስኩዊድ፣ ብዙ እግር ያለው ለስላሳ የባሕር ፍጥረት። ሚሲስ የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት። በረጅም መቆንጠጫ ይዤ ወደ አፏ አስጠጋለሁ። ወደ ኋላ ትሸሻለች። አሸዋው ላይ አስቀምጥላታለሁ። በላዩ ላይ ተኝታበት ታድራለች።

ይኼ ሁሉ ሲሆን እማዬ አንድ ቀን የላይኛውን ፍሪዘር ከፈተች። የእኔ የዓሣ ምግብ የሚቀመጠው ከታች ነው፤ የዚያን ሰሞን ግን ቦታ ጠቦ አንዱ ከረጢት ከእሷ በርበሬና ሽሮ ጎን ገብቶ ነበር። ከረጢቱን በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችው። የስኩዊዱን እግሮች አየች። «በስመ አብ! ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ነገርኳት። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት አንበላም ተብሎ ያደገች ሴት ናት፤ እኔም እስከዛሬ አልበላም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» ብላ ከረጢቱን አስረከበችኝ። ፍሪዘሩን በሎሚ ስትወለውል አመሸች።

የማትበላዋን ስትሰማ ግን ልቧ ራራ። መፍትሔም ነበራት። «ጋታ!» አለችኝ። «እናንተንስ እየጋትን አይደል ያሳደግናችሁ?» እውነቷን ነው፤ እኔም በእጅ መዳፍ እየተጋትኩ ያደግሁ ነኝ። ለስቲንግሬይም ቢሆን በቱቦ ሆድ ውስጥ ምግብ ማስገባት አለ። የሚያደርገው ግን ሐኪም ነው፤ የመጨረሻ ነገር ነው። መዳፍ የምታህል ጫጩት ከውሃ አውጥቶ አፏን መፈልቀቅ፣ በረሃብ ከመሞቷ በፊት በድንጋጤ መግደል ነው።

ለጊዜው የቀረኝ በሕይወት ያለ ምግብ ነበር። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ለዓሣ አጥማጆች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። እዚያ ግራስ ሽሪምፕ የምትባል፣ ከባሕር ሣር መሃል የምትያዝ፣ ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽዬ ሽሪምፕ ከነሕይወቷ ይሸጣሉ። ለማጥመጃ ነው የሚገዟት። በሽታ እንዳታመጣብኝ ለብቻ አቆየኋት። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ጨዋማነቱ ከእኔ ገንዳ ስለሚያንስ ቀስ በቀስ አለማመድኳት።

ቤቱ ጭር ብሏል። መብራቱን ቀንሻለሁ። ትንሿ አሸዋ ውስጥ ናት። ከእሷ የሚታየው ሁለት ዓይንና ከዓይኖቿ ኋላ ያሉት ሁለት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በዳራቸው ያለው ደቃቅ አሸዋ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሽሪምፗን ራቅ አድርጌ ለቀቅኳት። በቀጫጭን እግሮቿ አሸዋውን እየነካካች ሄደች። ቆመች። ዞረች። በጫጩቷ ፊት ለፊት አለፈች፤ ምንም የለም። ከዚያ ወደ ገላዋ ጠርዝ ቀረበችና ቆማ የአሸዋ ቅንጣት ማገላበጥ ያዘች። ዓይኖቹ አልተንቀሳቀሱም። እንዲያውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚያዩት። የገላዋ ጠርዝ ግን ሽው አለ፤ አሸዋው በአንድ መስመር ተሰነጠቀ። ፊቷን ከወለሉ ትንሽ ብድግ አድርጋ ከሥሯ ጥላ ፈጠረች። ሽሪምፗ ወደ ጥላው ገባች። ጫጩቷ ጠብ አለችባት። ገላዋ መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ወለሉ ላይ ተጣበቀ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ተንፈራገጠች። በመተንፈሻ ስንጥቆቿ በኩል አሸዋ ወጣ። አንዲት የሽሪምፕ እግር ተንሳፍፋ ቀረች።

ይህች ፍጥረት በሕይወቷ አድና አታውቅም። ስታድን ያየችውም የለም። ፊትን ብድግ አድርጎ ጥላ መፍጠር ትልልቆቹ ባሕር ውስጥ የሚያደርጉት ዘዴ ነው፤ ትናንሽ እንስሳት መጠለያ መስሏቸው ይገባሉ። ማን አስተማራት? «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል ስድብ ነው። እዚህ ግን እናትየዋም አላስተማረች፣ ልጅቷም አልተማረች።

እስከ ሌሊት ድረስ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የታወሰኝ አድሪያኑስ ካልማይን የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ1971 ያሳተመው ሙከራ ነው። ጠፍጣፋ ዓሣ ከነሕይወቱ አሸዋ ውስጥ፣ ሽታውን በሌላ በኩል በሚያወጣ፣ አጋር ከሚባል እንደ ጄሊ ካለ ነገር በተሠራ ክዳን ሥር ቀበረ። አጋሩ ሽታ አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪክ ግን ያሳልፋል። ሻርኩና ሬዩ ሽታው ወደሚወጣበት ሳይሆን ቀጥታ ዓሣው ወዳለበት ሄደው ቆፈሩ። የተከተፈ የሞተ ዓሣ ሲያደርግበት ሽታው በሚወጣበት በኩል ፈለጉ። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሲያለብሰው ሕያው ዓሣ በአፍንጫቸው ሥር እያለ አለፉት። በመጨረሻ ዓሣውን አውጥቶ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሽቦዎች ቀበረ። ሽቦዎቹን ነከሱ።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ልቡ ሲመታ፣ ጡንቻው ሲሠራ፣ ሲተነፍስ በዙሪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ስቲንግሬይ በአፉ ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያንን ይሰማል። ቀዳዳዎቹን ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1678 ጽፎባቸዋል፤ ጥቅማቸው የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዓይኗ ጀርባዋ ላይ፣ አፏ ሆዷ ላይ ነው። የምትጎርሰውን አታየውም። ስለዚህ ምግብ ማለት ለእሷ የሚነዝር ነገር ነው። እኔ በመቆንጠጫ ያቀረብኩላት ክትፎ ሽታ አለው። ንዝረት የለውም። ወንድምና እህቷ ሽታው በቅቷቸው ነበር። እሷ ግን ሙሉውን ፈለገች።

የእማዬ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያኔ ነው። እናቷ ጨርሳለች። ስንቁንም፣ ዘዴውንም፣ ቀዳዳዎቹንም አሟልታ ነው የላከቻት። ከእናቷ የጎደለባት ነገር የለም። የጎደለው ባሕሩ ነው፤ አሸዋ ላይ የሚራመድ፣ ልቡ የሚመታ ምግብ በየደቂቃው የሚያሳልፍላት ባሕር። እኔም የተካሁት እሱን ነው።

ባሕርን መተካት

ይህን በማግሥቱ ለእማዬ ስነግራት ቡናዋን እየጠጣች ነበር። «እናትን መተካት ያቅታል። አንተ ደግሞ ባሕርን?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን እናትን መተካት ሳይቀል አይቀርም እላለሁ። የእናት ሥራ ይታያል። የባሕር ሥራ ግን የሚታወቀው ሲቀር ነው።

አዮዲንን ውሰዱ። ባሕር ውስጥ ማንም ስለ አዮዲን አይጨነቅም፤ ውሃው ውስጥ አለ። በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ግን ያልቃል። በዚያ ላይ ከሽንታቸውና ከኩሳቸው የሚመጣው ናይትሬት ሲከማች ያለውንም አዮዲን ሰውነታቸው በደንብ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ውጤቱ ምንድን ነው? እንቅርት። አዎ፣ ያው የእኛ የደጋው ሰው እንቅርት። ገንዳ ውስጥ የሚኖሩ ሻርኮችና ስቲንግሬዮች ጉሮሯቸው ሥር ያብጣል። እማዬ ይኼን ስትሰማ «ዓሣም እንቅርት?» ብላ አማተበች። አገር ቤት ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመርበት ምክንያትና እኔ ምግባቸው ላይ አዮዲን ያለበት ቫይታሚን የምጨምርበት ምክንያት አንድ ነው።

ቫይታሚኑ ሌላም ሥራ አለው። ጥሬ ሽሪምፕና አንዳንድ ዓሦች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በውስጣቸው አለ። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ለወራት የበላ ስቲንግሬይ እየበላ ይታመማል። ባሕር ውስጥ ዛሬ ትል፣ ነገ ሸርጣን፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ ዓሣ ይበላል፤ ስለዚህ አያልቅበትም። እኔ ደግሞ ምግቡን እያፈራረቅኩ፣ ቫይታሚኑን ቁራጩ ሆድ ውስጥ እየሸጎጥኩ አበላለሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብኝ።

መዳብ ደግሞ መርዛቸው ነው። ለሌሎች የባሕር ዓሦች የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው መዳብ ያለበት ፈሳሽ ስቲንግሬይ ወዳለበት ገንዳ ጠብ ማለት የለበትም። አሸዋውም ደቃቅ መሆን አለበት። ሻካራ ጠጠር ሆዳቸውን ይፍቀዋል። ማሞቂያው እነሱ በማይደርሱበት፣ ማጣሪያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ላዩ ላይ ተኝተው ይቃጠላሉና። ፓምፖቹንም ከጫጩቶቹ ገንዳ አውጥቻለሁ። የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸው ቢጫ ስቲንግሬይ የመግነጢስ መስክን ተጠቅሞ መንገዱን መለየት እንደሚችል በ2020 አሳትመዋል። እንዲህ ዓይነት ስሜት ያለውን ፍጥረት መግነጢስ ያለው ሞተር ሲዞርበት በሚውል ውሃ ማኖር አልዋጥልህ ብሎኛል።

ትንሿ ከዚያ ምሽት በኋላ በሕይወት ያለውን በላች፣ በላች። ቀጥሎ ያለው ማታለል ነው። ሽሪምፗን አሸዋው ላይ እለቅና፣ ልክ ልትወርድባት ስትል በመቆንጠጫ የተከተፈውን ከጠርዟ ሥር አስገባለሁ። መጀመሪያ ላይ ትተፋዋለች። እያደር መዋጥ ጀመረች። በኋላ ሽሪምፗ ቀረች፤ መቆንጠጫው አሸዋውን ነካ ሲያደርግ ራሷ መምጣት ለመደች። በቀን ሁለቴ ሦስቴ፣ ትንሽ ትንሽ። የተረፈውን ወዲያው አወጣለሁ፤ የበሰበሰ ቁራጭ በአንድ ሌሊት የውሃውን አሞኒያ፣ ማለትም መርዛማውን ቆሻሻ፣ ይሰቅለዋል። ሆዷን የማየው መስታወቱን ስትወጣ ነው። ሆዷ ነጭ ነው፤ ሁለት ነጥብና የምትስቅ አፍ ያለው ፊት ይመስላል። እማዬ «ሳቀችልኝ» ትላለች። ነጥቦቹ ዓይን ሳይሆኑ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መሆናቸውን አልነገርኳትም።

ማን ይውሰዳቸው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ላንሳ። ሴቷ ባንዴ እስከ ሰባት ልትወልድ ትችላለች፤ በዓመት ሁለቴም ይሆናል። እያንዳንዷ ጫጩት ትልቅ ገንዳ ትፈልጋለች። ማርባት ያስደስታል። የምሥራቹም ለፎቶ ይመቻል። ከዚያስ?

ባሕር ውስጥ መጣል አይሆንም። የእኔዎቹን ቼሳፒክ ብጥላቸው ክረምቱ ይገድላቸዋል። ሞቃት ቦታ ቢሆንም ከገንዳ የወጣ እንስሳ በሽታ ይዞ ይሄዳል። ከሩቅ አገር የመጣ ዝርያ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ላዮንፊሽ የሚባለው እሾሃም ዓሣ ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የመጣ ነው፤ በ1985 ፍሎሪዳ ጠረፍ ታየ። ዋናው ምክንያት ሰው ከቤቱ አኳሪየም መልቀቁ ነው ይባላል። ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶታል፤ ትንንሹን ዓሣ ይጨርሳል።

ሰው ደግሞ ለሬዮች ያለው ፍቅር የተዘበራረቀ ነው። ቼሳፒክ ውስጥ በየበጋው ካውኖዝ የሚባሉ ሬዮች ሊወልዱ ከባሕር ይገባሉ። አንዷ በዓመት አንድ ብቻ ነው የምትወልደው። ኦይስተራችንን (ሰው የሚበላውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) ጨረሱብን ተብለው ያረገዙት ሳይቀሩ በቀስት እየተወጉ በውድድር ይገደሉ ነበር። ሜሪላንድ ውድድሩን በ2017 በሕግ አስቆመች። እኔ ግን ከዚህ ከአርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ለአንዷ ጫጩት ሽሪምፕ ፍለጋ ስባዝን ነበር። ግራ ያጋባል።

ታዲያ ማርባት ትክክል ነው? እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ስቲንግሬዮች በአብዛኛው ከባሕር የተያዙ ናቸው። በረጅም መንገድ ተርበው፣ ተጎድተው ነው የሚደርሱት። ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ምግብ እምቢ ካሉ አይመለሱም። በተለይ ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው፣ በቀይ ባሕር ውስጥም የሚገኘው ውብ ዓይነት፣ ቤት ውስጥ ሲገባ ምግብ በመተው የታወቀ ነው። አትግዙት። ገንዳ ውስጥ ተወልዶ፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጫጩት ግን ሌላ ነው። ሰው መግዛቱ ላይቀር፣ ከባሕር ከሚነጠቅ ይኼኛው ይሻላል። ግን ለማንም አይሰጥም።

ሊወስዱ የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። አንዱ በቁመቱ ሲያስቀና በስፋቱ ግን ጠረጴዛ የማያክል ገንዳ ፎቶ ላከልኝ። ውስጡ በድንጋይና በኮራል ተሞልቷል። ያምራል። ለስቲንግሬይ ግን ቁመት ምን ይሠራለታል? የሚኖረው ወለል ላይ ነው። «ሲያድግ ትልቅ እገዛለሁ» አለኝ። አሁን ይግዛ፣ ሲያድግ እናወራለን አልኩት። ተቀየመኝ። ባለቤቴ «ለልጃችን ሞግዚት ስንፈልግ እንኳ እንዲህ አልመረመርክም» አለችኝ።

ሁለቱን ቨርጂኒያ ያለ አንድ አርቢ ወሰዳቸው። ገንዳው ከእኔም ይሰፋል፤ ውስጡ ደቃቅ አሸዋና ባዶ ወለል ነው። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ጨው በባልዲ ሰጠኝ፤ ለእኔ ከብር ይሻላል። ምን እንደሚበሉ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ቫይታሚኑ የትኛው ቁራጭ ውስጥ እንደሚገባ በወረቀት ጻፍኩለት። ሲያጓጉዛቸው ከረጢቱን በእሾሃቸው እንዳይበሱት ሁለት ድርብ አድርገን፣ ኦክሲጅን ሞልተን፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አሰናዳንላቸው።

አስቸጋሪዋን አስቀርቻታለሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትደውል መጀመሪያ የልጅ ልጇን፣ ቀጥሎ እሷን ትጠይቃለች። ወንዱ እስካሁን ከመከለያው ወዲያ ነው። የሚቀጥሉትን ጫጩቶች የሚረከቡ ሰዎችን፣ የገንዳቸውን ወለል ስፋት ጭምር፣ በስም ይዤ ካልጨረስኩ መከለያው አይነሳም።